ሰባተኛዋ ኮፍያ

ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ድምፁ ከአምስተኛው ማሞቂያ ሣጥን ተነሥቶ ኮሪደሩን ሞላው። ሲስተር ጅፓር ሮጣ ደረሰችና ትንፋሹን የረሳውን ሕፃን የውስጥ እግሩን በጣቷ ቸብ ቸብ አደረገችው። ሕፃኑ ተንፈራገጠ፣ ተነፈሰ፣ ማሽኑም ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ወዲያው ለኃላፊው መንገር ደንብ ነውና የዶክተር ኦርሞንን ቢሮ አንኳኳች። ስትከፍተው ሰውየውን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። አጠገቡ የኮመጠጠ የፈረስ ወተት የጠጣበት ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። እሱ ግን የትም ቢነካ የሚነቃ አልነበረም።

መርማሪ ሳልቂን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ጥያቄዋም እንደዚያው። ወተቱ ውስጥ የልብ መድኃኒት ተሟሙቶበት እንደነበር፣ የመድኃኒቱ ቁም ሣጥንም ጠዋቱን ሙሉ ክፍት እንደዋለ ነገሯት። በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሲስተር ጅፓር፣ የሟቹ ምክትል ዶክተር በርሜት፣ እና የእናቶችን ወተት እያሞቁ የሚያድሉት እትዬ ኡልካን።

አብሯት የመጣው ወጣት ፖሊስ በልቡ ፈርዶ ጨርሷል። የፈረሱን ወተት ከቤታቸው ያመጡት እትዬ ኡልካን ናቸው። ባለፈው ሳምንት ኦርሞን የልጅ ልጃቸውን በተራራው መንገድ ወደ ዋና ከተማው ወደ ቢሽኬክ ልላከው ሲል ሰው ሁሉ እየሰማ እጅህ ይድረቅ ብለው ረግመውታል። ያ የልጅ ልጅ የአምስተኛው ሣጥን ሕፃን ነው። እናቱ የእርግዝና ደም ግፊት አንዘፍዝፏት ከወለደችው ወዲህ ፎቅ ላይ ራሷን ስታ ተኝታለች።

«እኔን ከወሰዳችሁኝ ማን ደረቱ ላይ ያስተኛዋል?» አሉ እትዬ ኡልካን። «አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ነው። ሣጥኑ ያሞቀዋል እንጂ ትንፋሹን አያስታውሰውም።»

ፖሊሱ እሳቸውን የሚወስደው መኪና እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ሳልቂን ያላት ጊዜ ይኸው ነበር።

ሲስተር ጅፓር የተጠየቀችውን ያህል ብቻ መለሰች፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሣችም። ዶክተር በርሜት ረጋ ብላ ሕፃናቱን እየዞረች ስታይ እንደነበረች፣ ወደ ቢሮው እንዳልገባች አስረዳች። ሟቹን ትጠላው እንደሆነ ስትጠየቅ ግን ፈገግ አለች።

«የማይጠላው ማን አለ? የሞተ ሕፃን ሪፖርቱን ያበላሽበታል። እሱን የሚያሳዝነው ሪፖርቱ ብቻ ነበር።»

ሳልቂን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ግድግዳው ላይ ምስማር በረድፍ በረድፍ የተመታበት ረጅም ጣውላ አለ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ አያቱ የጡጫ ያህል የሱፍ ኮፍያ ትሰቅልለትና ትክክለኛው መወለጃ ቀኑ እስኪደርስ በቀን አንድ ምስማር ታሻግራታለች። ቆጠራው የሚጀምርበት ምስማር ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ሳልቂን ኮፍያዎቹን ቆጠረችና እትዬ ኡልካንን ጠራቻቸው።

«እትዬ፣ ሕፃናቱ ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

«ኮፍያው ሰባት ነው።»

አሮጊቷ ወደ ታችኛው ረድፍ ተመለከቱ። «እሷን አይቻታለሁ። የማን እንደሆነች እንጃ። የሰው ልጅ ኮፍያ መንካት ነውር ነው ብዬ ተውኳት። ግን ትራመዳለች። ዛሬ ጫፍ ደረሰች።»

«ልጁ ከሞተስ?»

«አብራው ትቀበራለች። ሳያለቅስ ለወጣ ደግሞ ከነጭራሹ አትሰቀልም። ሽል ኮፍያ የለውም።»

«ቀኑን እንዴት ነው የምትቆጥሩት?»

«ዘጠኝ ወር ከዘጠኝ ቀን ነዋ። እናንተ የተማራችሁት በሳምንት ትቆጥራላችሁ፤ ልጅ እንደ ገበያ በሳምንት የሚውል ይመስል።»

ሳልቂን ሳቀችና ጎንበስ ብላ ምስማሮቹን አንድ በአንድ መረመረች። ከዚያ የወሊድ መዝገቡ እንዲመጣላት አዘዘች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሦስቱንም ወደ ወተት ማሞቂያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«በሰባተኛዋ ኮፍያ ረድፍ ከቀዩ ክር እስከ ጫፍ ዘጠና ስምንት ምስማር ነው» ብላ ጀመረች። «ዐሥራ አራት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይተርፍ ሳይጎድል። አያቶች እንዲህ አይቆጥሩም፤ ሐኪምና ነርስ ናቸው በሳምንት የሚቆጥሩት። ኮፍያዋ ባረፈችበት ምስማር ሁሉ ላይ የሱፍ ብናኝ ቀርቷል። ከየሰባቱ ምስማር አንዱ ላይ ግን ምንም የለም፤ ሲቆጠር እሑድ እሑድ ላይ ይውላል። እትዬ ኡልካን እሑድም እዚህ ናቸው። ሲስተር ጅፓር በሦስት ቀን አንዴ ነው ተረኛ የምትሆነው። እሑድን ብቻ የሚያርፍ ማን ነው?»



«የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ምስማሮችም ንጹሕ ናቸው። ኮፍያዋን የሰቀለው ሰው ዐሥሩን ቀን አልነበረም ማለት ነው፤ ሲመለስ ያለፈውን ቆጥሮ ከዐሥራ አንደኛው ጀመረ። የዛሬ ዘጠና ስምንት ቀን መዝገቡ ላይ አንድም ልደት የለም። ያለው አንድ ውርጃ ነው፤ ሃያ ስድስት ሳምንት። እናትየዋ በደም ግፊት ተኝታ ነበር፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች።» ሳልቂን ቀና አለች። «ዶክተር፣ ሽል ኮፍያ የለውም።»

ዶክተር በርሜት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አለቀሰ» አለች። «እኔ መነሣት አልቻልኩም እንጂ ሰምቼዋለሁ። ኦርሞንን ሣጥን ውስጥ አስገቡት ስለው፣ የአንቺ እዚህ ቢሞት ወር ሙሉ እጠየቅበታለሁ አለኝ። መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ልቅሶው ሲያልቅ ውርጃ ብሎ ጻፈ። መቃብር እንኳ አልሰጠኝም።»

«ለምን ዛሬ?» አለች ሳልቂን።

«ዛሬ ነዋ መወለጃው። በየጠዋቱ ኮፍያዋን እያሻገርኩ፣ ኦርሞንን እንዴት አደሩ እያልኩት ቆጠርኩለት። ልጄ ያልኖረውን ቀን ሁሉ እሱ ኖሮታል፤ ከዚያ በላይ ግን አንድም ቀን አልፈቀድኩለትም። ስለ እትዬ አዝናለሁ፤ ወተቱ የሳቸው መሆኑን አላወቅሁም። ስለ እሱ አላዝንም።»

ሳልቂን በርሜትን እንዲይዝ ፖሊሱን ጠቀሰችው። እትዬ ኡልካን አልጠበቁም፤ ቀሚሳቸውን ከደረታቸው ላይ እየፈቱ ወደ አምስተኛው ሣጥን ሄዱ።

መዝገቡ እንደተከፈተ ነው። ውርጃ ከሚለው ቃል ግርጌ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የሟቹ ነው። ሳልቂን ጣቷን ሁለተኛው ላይ አሳረፈች።

«ሲስተር ጅፓር፣ አንቺ የፈረምሽው ምን ሰምተሽ ነው?»

ጅፓር ፊርማዋን ተመለከተችው። በርሜትም እሷን ተመለከተቻት፤ ያን ሁሉ ቀን ለኦርሞን ባሳየችው በዚያው ረጋ ያለ ፊት። ጅፓር ነጭ ጋዋኗን አወለቀች፣ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ በፖሊሱና በበሩ መካከል አልፋ ወጣች።