ከተኽለብርሃን የገዛሁት መኪና

ፈጠራ ነው የሚል ሰው ከዚህ ይመለስ። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሮም በፌራጎስቶ፣ በሙቀቱ ወራት የዕረፍት በዓል፣ ጭር ብላለች።

ሀብተሚካኤል እባላለሁ። ቶር ፒኛታራ ሰፈር መካኒክ ነኝ። አንድ ምኞት ነበረኝ... የስልሳዎቹን እንግሊዝ ሠራሽ ግራንድ ቱሪዝሞ መኪና የራሴ ማድረግ። አፍንጫው ረጅም፣ ሁለት በር፣ ከኋላ ጠባብ ወንበር ያለው።

ይህን የሚያውቀው ተኽለብርሃን ነው። ቪያ ኩርታቶኔ፣ ስደተኞች በያዙት ባዶ ሕንፃ እያለን አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተናል። ፖሊስ ሲያስወጣን እጄን ይዞ የጎተተኝ፣ ኋላም ሲኒትን ሳገባ ሚዜዬ የሆነው እሱ ነው።

"የማስታምማቸው ሽማግሌ ሞቱ" አለኝ። "ልጆቻቸው መኪናቸውን እየሸጡ ነው። አሎራ፣ እንግዲህ ላንተ ብያለሁ።"

ወረቀቱ ላይ ግን ሻጩ ራሱ ተኽሌ ነው።

"ለአሠራር እንዲቀል ነው" አለኝ።

አመንኩት።

መኪናው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኬጆ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሟል። ተኽሌ ቁልፉን በር ላይ ሰጠኝና ቆመ።

"አትወርድም?"

"እዚሁ ይሻለኛል።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

"መንገድ ላይ አታውራ።"

"ከማን ጋር?"

"ዝም ብለህ ንዳ ሀብቴ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

መሪው በቀኝ በኩል ነው። የግራው ወንበር ወደ ፊት ታጥፏል... ሰው ወደ ኋላ ሲገባ እንደሚታጠፈው። መስታወቱም መንገዱን ሳይሆን የኋላውን ወንበር ያሳያል።

አስተካከልኩት።

መውጫው ላይ የቲኬት ማሽኑ በግራ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቲኬት ወርጄ ዞሬ ላስገባ ቀበቶዬን ስፈታ... መዝጊያው ተነሳ።

ቲኬቱ ዳሽቦርዱ ላይ የለም።

የግራው መስኮት ተከፍቷል። ዘግቼው ነበር።

የማሽን ብልሽት ነው ብዬ ነዳሁ።

ካዚሊና ጎዳና ላይ ሁለተኛው ሴማፎሮ ጋ መብራቱ ቀይ ሆኖ ስቆም ቀና አልኩ። መስታወቱ እንደገና የኋላውን ወንበር ያሳያል።

ባዶ ነው... ግን ቆዳው መሀሉ ላይ ጎድጉዷል።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ለተኽሌ ደወልኩ። ወዲያው አነሳው... ሲጠብቅ እንደነበረ።

"ከኋላ ናት ወይስ ከፊት መጥታለች?"



"ማን?"

በስልኩ ውስጥ በር ሲቆልፍ ሰማሁ።

"ተኽሌ፣ ማን ናት?"

"ሽማግሌ የሚባል የለም። ለራሴ ነበር የገዛሁት። ከፊት ስትመጣ ነው... ከቤት መግባት የጀመረችው።"

"ለምን ለኔ?"

"ለስንቱ አሳየሁ። ሁሉም ይጠይቃል፣ ይመረምራል። አንተ ግን እኔን ታምናለህ።"

ስልኩን ዘጋው። መልሼ ስደውል ጠፍቷል።

ከፍርሃቱ ይልቅ ያቺ ቃል አመመችኝ። አንተ ግን እኔን ታምናለህ።

ቀና ስል የግራው ወንበር ተመልሷል። ታጥፎ የነበረው... ቀጥ ብሎ፣ ሰው እንደተደገፈው ወደ ኋላ ረገብ ብሎ።

ወደ ጎን ሳላይ ነዳሁ። ሲኒት ጋ ልድረስ ብቻ ነው ያልኩት፤ ለቤቴ ሁለት መታጠፊያ ነው የቀረኝ። በራችን ላይ ሞተሩን አጠፋሁ።

የግራው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ቀስ ብሎ ተዘጋ።

 ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ሲኒት ናት። ታንሾካሹካለች።

"እንግዳችንን ለምን ብቻቸውን ሰደድካቸው?"

"የትኛዋን?"

"እኚህን ከመኪናህ የወረዱትን ትልቅ ሴት። የማላውቃቸውን አላስገባም ነበር፤ ግን ተኽሌ ነው የላከኝ አሉኝ። በተኽሌ ስም መጥተው እንዴት በር ልዝጋባቸው?"

"ሲኒት... አሁኑኑ ውጪ።"

"ምን ሆነሃል? አብረን በረንዳ ላይ ነን። ያዩሃል እኮ።"

በመኪናው መስኮት አንገቴን አውጥቼ ሦስተኛ ፎቅ አየሁ።

ሲኒት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆማለች።

አጠገቧ፣ በዚያ ሐሩር፣ እስከ አንገቷ የተቆለፈ ወፍራም የብርድ ካፖርት የለበሰች ሴት አለች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

እጇ ግን የሲኒትን ፀጉር ቀስ እያለ ይጎነጉናል።