በአሳማው የተላከከ ሞት

የእንስሳት እርባታ መምህሩ አቶ ቦጋለ በማሠልጠኛው የአሳማ በረት ውስጥ፣ ራሱ ከሲሚንቶው ገንዳ ሥር ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ገመድ በቀኝ እጁ ተጠምጥሟል፤ ሌላው ጫፍ በሰፊው ተቋጥሮ ባዶውን ወድቋል። ወይ ጉድ! ከጉኑኖ መንገድ እስከ ሶዶ መናኸሪያ፣ ሕዝቡ «አሳማ ጎትቶ ገደለው!» እያለ በቴሌግራም እየተቀባበለ ሳቀ። ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሐመልማልን ያንገበገባት ይኸው ሳቅ ነው። እሷም ማዕተብ ያሰረች፣ አሳማ ሲነሳ ፊቷን የምታጠቁር ሴት ናት፤ የሰው ሞት መቀለጃ ሲሆን ግን ደሟ ይፈላል።

የቦጋለ ክፍል ግድግዳ በአሮጌ ፎቶዎች ተሞልቷል። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ለትምህርት ቤት የተነሱ ናቸው፤ ገበሬዎች አሳማ ሲቀልቡ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያስሩ ያሳያሉ። ሐመልማል የመጨረሻው ላይ ብዙ ቆየች።

የበረቱ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር። ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«በእነዚህ ፎቶዎች የአሳማ አርቢ ሴቶችን ማኅበር አብረን አስተምረናል» አለች ሚስቱ ወይዘሮ አሳየሽ። «ዛሬ ይስቁበታል! የሚያለቅስለት አንድ ሰው አጣሁ፣ አንድ!»

«ጋሼ ቦጋለ እጄን ይዞ ነው ያስተማረኝ» አለ የአሳማዎቹ ቀላቢ እዮኤል።

የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ ጌታነህ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንደ ወንድሜ ነበር። የዚያን ቀን ምሳ እንኳ አብረን በላን። ትምህርቱንም ተቀምጬ ተከታትያለሁ፤ ፎቶዎቹንማ በቃሌ አውቃቸዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን በረቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ ተንጠራርቶ ያያል።

«በየተራ ይህን አሳማ እሰሩልኝ» ብላ ገመድ ሰጠች።

እዮኤል ጎንበስ ብሎ የአሳማውን የኋላ እግር አሰረ። አሳየሽም እያለቀሰች እንደዚያው አደረገች። ጌታነህ ኮቱን አወለቀና ገመዱን እንደ በሬ አንገቱ ላይ አሰረለት። አሳማው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ገመዱ በጆሮዎቹ በኩል ሾልኮ ወጣ።

«በቃ!» ጮኸች ሐመልማል። «የአሳማ አንገት ከጭንቅላቱ ይወፍራል፤ ገመድ አይይዘውም። የመጨረሻው ፎቶ ላይ ያለው ገበሬ ለዚህ ነው እግሩን ያሰረው። ቦጋለ ይህን ለዓመታት አስተምሯል፤ እጁ ላይ የተገኘው ገመድ ግን ለበሬ አንገት የተቋጠረ ነው! ደግሞ አሳማ የጎተተው ሰው መዳፉ ይላጣል፤ የእሱ አልተላጠም። ስለዚህ ገመዱን ከሞተ በኋላ የጠመጠመለት ሰው አለ፤ ያውም አሳማ አስሮ የማያውቅ። እነዚህ ሁለቱ ያውቃሉ። በቃሌ አውቃቸዋለሁ ያልካቸውን ፎቶዎች ግን አንተ ዞር ብለህ አላየሃቸውም! ዓይን ያወጣ ውሸት ለምን አስፈለገህ?»

የጌታነህ ፊት ደም ለበሰ። «የሴቶቹን ማኅበር መሬት ለአማቼ ስሰጥ ቦጋለ ‘ለዞኑ እናገራለሁ’ አለኝ! እኔን! የበረቱ አካፋ እጄ ላይ ነበር…»

«ምሳ አብረኸው በልተህ!» አለች። «በሬ ካራጁ ይውላል አሉ!» ካቴናውን ራሷ አጠለቀችለት።

አሳየሽ ወደ አጥሩ ዞረች።

«ስትስቁ ሰምቻችኋለሁ! አሁን አልቅሱለት!»

አንዲት አሮጊት ደረቷን መታች። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሏት።

«ድምፃችሁ አነሰ!» አለቻቸው አሳየሽ። «ሳቃችሁ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር!»