የግድግዳው አህያ ምሳ

ከርች! ከርች! ከርች! አጫጆቹ ስንዴውን እያጨዱ ነው። ሰኑ አህያው ደግሞ ከኋላቸው ቆሞ ይጫናል።

ይህ የሆነው ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ግብፅ አገር ዓባይ ወንዝ ዳር ነው።

ቅርጫቱ በስንዴ ዛላ ሞላ። ይከብዳል። ሰኑ ግን ዘዴ አለው።

ማንም ሳያየው አንገቱን ዞር፣ አፉን ከፈት፣ ጎረስ! ቆርጠም! ቆርጠም!

ሌባ እንዳትሉት። የተሸከመው እሱ ነው።

የምትነዳው ትንሿ መሪት ታየዋለች። አይታ ግን እንዳላየች ትሆናለች።

ከሰዓት በኋላ መሪት ሰኑን ጭድ ጫነችው። ጭዱ ለሠዓሊው ለአያ ሁዪ ነው። አያ ሁዪ ጭድና ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ ይለስናል፤ ሲደርቅ ሥዕል ይስልበታል።

የሚስልበት ቤት ከተራራ የተፈለፈለ የመቃብር ቤት ነው። በሩ ሰፊ ስለሆነ ሰኑ ዘው ብሎ ገባ።

ግድግዳው ላይ አጫጆች ያጭዳሉ። በሬዎች እህል ያበራያሉ። ስንዴ የሞላ ቅርጫት የተሸከመ አንድ አህያም አለ።

ጆሮው የሰኑ ጆሮ። ጅራቱ የሰኑ ጅራት። ሰኑ ደስ አለው፤ «ይሄማ እኔ ነኝ» አለ በልቡ።

አያ ሁዪ ለመሪት ነገራት። እዚህ የተሳለ ሁሉ ለዘላለም ይኖራል አላት። በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው እንዲህ ያምን ነበር።

አጫጁ ለዘላለም ያጭዳል። አህያው ለዘላለም ይሸከማል።

ለዘላለም? ሰኑ ሥዕሉን ደግሞ አየው። የሥዕሉ አህያ ፊት ፊቱን ብቻ ያያል። አፉ ግጥም ብሏል። ምንም አይበላም!

ሂሃ! ሂሃ! ሰኑ አናፋ።

ውኃ ሰጡት። አልጠጣም። ጭዱን አወረዱለት። ሂሃ! ሂሃ!

ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና የሥዕሉን አህያ አፍ ላሰው። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። አፍ የሚባል ነገር ጠፋ!

አያ ሁዪ ተቆጣ። ይህን አህያ አውጪልኝ አለ።

መሪት የሰኑን በቀለም የቀላ ምላስ አየች። የሥዕሉን ቅርጫትም አየች። ገባት።

«አያ ሁዪ፣ ሰኑ እህል ተሸክሞ ሳይቀምስ ቀርቶ አያውቅም። ያንተ አህያ ግን ለዘላለም ሊራብ ነው።»

አህያ ቀጥ ብሎ ነው የሚሳለው፣ አባቴም እንዲህ ነው ያስተማረኝ፣ አለ አያ ሁዪ። ሰኑን አየው። ሰኑም አየው።

አያ ሁዪ ሳቁ መጣ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።

ሸር! ሸር! አንገቱን ዞር፣ አፉን ከፈት፣ ጎረስ! የሥዕሉ አህያ አፍ በስንዴ ሞላ።

ሰኑ ጆሮውን ነቀነቀ። ማናፋቱንም ተወ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰኑ ቤቱ ገብቶ ጋደም አለ። ዓይኑ ግን አልከደን አለ።

መሪት ግንባሩን እያሻሸች በጆሮው እንዲህ አለችው፦

«ተኛ፣ ሰኑዬ። ያኛው አሁንም እየበላ ነው።»