ለአንድ ሰው የሚበቃ

መምህርቷ ታላቅ እህቷን ሞታ ስታገኛት ወዲያው አልጮኸችም። ኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «ጩኸቷ አንጀት ይበላ ነበር» እያለ ሲያዝንላት አንገቷን ትደፋ የነበረው ለዚህ ነው። ከጩኸቱ በፊት ያደረገችው ነገር ነበር።

እታለም፣ ታናናሾቿ እንዲህ ነበር የሚጠሯት፣ ፎቅ ላይ ባለው ክፍሏ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ነበር። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል የአልጋውን ብረት መትቷል፤ ደሙ ደርቋል። አጠገቧ አንዲት አጭር ኩርሲ ተገልብጣለች። ከቁም ሣጥኑ አናት የነበረው አሮጌ ሰማያዊ ሻንጣ እግሯ ሥር ወድቋል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ዙሪያውን ቃኘና «ሻንጣ ላውርድ ስትል ወድቃ ነው። የሰው ነገር እንዲህ ነው» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

ከእሱ ቀጥለው የመጡት ሴት መርማሪ ግን በዋዛ የሚሸኙ አልነበሩም። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸው በሌሉበት «መርፌ» ይሏቸዋል። ውፍረታቸውን ያየ ሰው ስሙ ቀልድ ይመስለዋል፤ ሥራቸውን ያየ ግን አይስቅም።

መርፌ ሬሳው ከተነሳ በኋላ እዚያው ክፍል ቀሩና መምህርቷን አስጠሯት። «እህትሽ ቁመቷ እንዴት ነበር?»

«ከእኔ ታንሳለች። እኔ ራሴ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ለመጻፍ እንጠራራለሁ።»

«እስቲ ኩርሲው ላይ ውጪልኝ።»

መምህርቷ ወጣች። በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ እጇን ብትዘረጋ የቁም ሣጥኑን ጠርዝ እንኳ አልነካችም። መርፌ «ውረጂ የኔ ልጅ» አሉና ወንድሟን ጠሩት። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ መውጣት የለመደ፣ ራሱም ምሰሶ የሚያክል። ያለ ኩርሲ ተንጠራራና በስልኩ የቁም ሣጥኑን አናት ፎቶ አንስቶ ሰጣቸው። መርፌ ምስሉን አስፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሻንጣው የነበረበት ቦታ በአቧራው መካከል ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ በፊት ለፊቱ በኩል ያለው አቧራ እስከ ጠርዙ ድረስ እንዳለ ነው።

ወንድምየው ወለሉ ላይ ያለውን ሻንጣ በእግሩ ገፋ አደረገው። «ይሄን ምን ልታደርግበት? ዚፑ ከተበላሸ ስንት ጊዜው! አዲሱን እኔ ራሴ ተሸክሜ ነው ያወጣሁላት።» ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር መለያ ወረቀቱ ያልተነሳለት አዲስ ሻንጣ ጎትቶ አሳያቸው።

«እህ» አሉ መርፌ። 

ወጥ ቤት ወርደው ከመምህርቷ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ማታ ምንም አልሰማሽም?»

«ስብሰባ አምሽቼ ነው የገባሁት። መብራቷ ጠፍቶ ነበር። ሳላንኳኳ ተኛሁ።»

«ለምን?»

«ተኳርፈን ነበር።» ድምፅዋ ቀጠነ። «በጉዞው ነገር።»

ታሪኩ ረጅም ነበር። እታለም የሕክምና መሣሪያ እየሸጠች ዕድሜዋን በአውሮፕላን የጨረሰች ሴት ናት። በበረረች ቁጥር አየር መንገዱ በስሟ ማይል ይይዝላታል፤ ማይሉ ሲጠራቀም ትኬት ይሆናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ እንቁላል ግን ይበራል» ትል ነበር እየሳቀች። ሕልሟ ታናሿን ይዛ ወደ ሩቅ ደሴቶች መሄድ ነው። ታናሿ ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ ውቅያኖስን በጠመኔ ስትሥል ኖራ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ነገር ግን ዘንድሮ ሲባል ለከርሞ፣ ከርሞ ሲደርስ ለሚቀጥለው እየተባለ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ መምህርቷ «ተስፋ እየቀለብሽኝ ላረጅ ነው?» አለቻት። በዚያው ተኳረፉ።

መርፌ ከኪሳቸው የሟቿን ስልክ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ተቆልፏል። ፊቱ ላይ ግን መልእክት ይነበባል፤ ‹ትኬትዎ ተቆርጧል› ይላል። የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው፤ አንቺ ፖሊስ ከመጥራትሽ ትንሽ ቀደም ብሎ። ሬሳውን ያየው ሐኪም ደግሞ የሞተችው ማታውኑ ነው ብሎኛል። እኔ በሥራ ዘመኔ ትኬት የቆረጠ ሙት አላየሁም።»

መምህርቷ ዓይኗን ከስልኩ ላይ አነሣች። «አላውቅም» አለች።

«ነፍስ ያጠፋ ሰው ትኬት ለመቁረጥ እስኪነጋ አይጠብቅም። በእህትሽ ሞት አልጠረጥርሽም። ግን የምታውቂው ነገር አለ፤ ያንን እፈልገዋለሁ። እስኪበስልልሽ እጠብቃለሁ፤ ብዙ ግን አልጠብቅም።»

ከቀትር በኋላ ማይሌ ለልቅሶ መጣ። የጉዞ ወኪል ነው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። የትኛው አየር መንገድ ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ፣ በየትኛው ወቅት ለትኬት የሚጠየቀው ማይል አነስ እንደሚል በቃሉ ያውቃል። «ሰው በደሞዙ የማይደርስበት አገር በማይሉ ይደርሳል» እያለ ስንቱን በርካሽ ያሳፈረ ነው። የእታለምንም ማይል በአደራ የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። የሳሎኑን በር ጎንበስ ብሎ አለፈና ልቅሶ የተቀመጡት የሟቿ እናት እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ።

መርፌ እንባው እስኪደርቅ ጠበቁት። «ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃት?»

«ከሳምንት በፊት፣ ቢሮዬ መጥታ። ሒሳቧን አብረን አየነው። ሙሉ ነው፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ይበቃል አልኳት፤ ደስ ብሏት ሄደች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጥኩም።»

«ሒሳቡን የሚከፍት ሌላ ሰው አለ?»

«ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም የለም። አደራ ነው እኮ!»

«ዛሬ በረራ አለህ አሉኝ።»

«ለሥራ ነው። እሷን ሳልቀብር መሄዴ እንደ እግር እሳት ያቃጥለኛል፤ ግን ምን ላድርግ?»

መምህርቷ ውሃ ይዛ ስትገባ ስለ ሒሳቡ ያለውን ሰምታ ነበር።  *ለሁለት ሰው ይበቃል?* ጠዋት በዓይኗ ያየችው ሌላ ነው። ይህን የምታውቀው ግን በዓለም ላይ እሷ ብቻ ነበረች። እንዴት እንዳወቀች ሳትናገር ያወቀችውን መናገር አትችልም። እናቷን አየች፤ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ብርጭቆውን ማይሌ ፊት አኖረች። ዝም ባለች ቁጥር ከእህቷ አንድ እርምጃ ስትርቅ ተሰማት።

መርፌ ለቀስተኛውን በትሕትና ወደ ግቢ አስወጥተው ሳሎኑን ዘጉ። እናቲቱ፣ ወንድምየው፣ መምህርቷና ማይሌ ቀሩ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም ከኩርሲ አልወደቀችም» ሲሉ ጀመሩ መርፌ። «ኩርሲው ላይ ብትወጣም ሻንጣውን አትነካውም ነበር። በአንድ ዘዴ ደረሰች እንበል፤ አጭር ሰው ከፍ ያለ ዕቃ ሲያወርድ ወደ ጠርዙ ይጎትታል እንጂ አያነሳም። ሲጎተት ደግሞ አቧራው ይጠረጋል። እዚህ አልተጠረገም። ሻንጣው እንደ ድስት ክዳን ወደ ላይ ተነሥቶ ነው የወረደው። ያነሳው ረጅም ሰው ነው።»

ሁሉም ወንድምየውን አዩት። ፊቱ ገረጣ። «እኔ... እህቴን?»

«አንተ ረጅም ነህ፤ ግን ይህ ሻንጣ እንደማይዘጋ ታውቃለህ። አዲሱንም አልጋ ሥር ያስቀመጥከው አንተ ነህ። ለጉዞ ስትዘጋጅ ወደቀች ለማሰኘት ያሰብከው አንተ ብትሆን ኖሮ አዲሱን ነበር የምትጥለው። ይህን ያደረገው ረጅም የሆነ፣ የቤቱን ነገር ግን የማያውቅ ሰው ነው። የእሷ ክፍል በውጭ በኩል የራሱ ደረጃ አለው፤ እናንተን ሳይቀሰቅስ ወጥቶ ይወርዳል።»

ማይሌ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ረጅም መሆን ወንጀል ሆነ? ለእታለም ክፉ የማስብበት ምን ምክንያት አለኝ?»

«የጎደለኝ እሱ ነው» አሉ መርፌ ሳይደብቁ። «አየር መንገዱን ጠይቄያለሁ፤ እስኪመልስልኝ አንተ ደመና ላይ ትሆናለህ።» ከዚያ አፋቸውን ዘጉ። መምህርቷን እንኳ ዘወር ብለው አላዩአትም።

 ማይሌ ሰዓቱን አየና ለመነሣት ወንበሩን ገፋ።

«ለሁለት ሰው አይበቃም ነበር» አለች መምህርቷ።

የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት። «ማይሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። እታለምን ሞታ ሳገኛት... ስልኳ አልጋው ላይ ነበር። ማይል አይወረስም፣ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል ብሎ አንድ ቀን ምሳ ላይ የነገረን ይሄ ሰው ነው። ሞቷ ሳይሰማ ልቅደም ብዬ ከፈትኩት። የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሳገኘው ‹ለካ እየደበቀችኝ ከሌላ ሰው ጋር ጨርሳዋለች› ብዬ ተናደድኩ። ሬሳዋ አጠገብ ተቀምጬ ተናደድኩባት! በንዴቴ የቀረውን በራሴ ስም ቆረጥኩት። ከዚያ ነው የጮኽኩት።»

ወንድሟ «ምን?» አለ።

መርፌ ወደ ማይሌ ዞሩ። «ከሳምንት በፊት ሙሉ ነው ብለሃል። ከእሷና ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም ብለሃል። እሷ ደግሞ የሁለት ሰው ማይል ስትጠብቅ የኖረች ናት። በጎደለው ማይል የተቆረጠው ትኬት የተሳፋሪ ስም አለው፤ አየር መንገዱ ዛሬ ባይነግረኝ ነገ ይነግረኛል። እነዚያ ተሳፋሪዎች ትኬቱን ከማን እንደገዙ ስጠይቃቸው የማንን ስም የሚጠሩልኝ ይመስልሃል?»

ማይሌ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ቁመት የት እንደገባ እንጃ።

«እመልሰዋለሁ እያልኩ ነበር» አለ። «ሌላ ደንበኛ ሲመጣ እተካዋለሁ እያልኩ። ‹ወቅቱ አይመችም፣ ለከርሞ ይሻላል› ስላት ታምነኝ ነበር። ትላንት ግን ራሷ ከፍታ አየችው። ጠርታኝ መጣሁ። ለመንኳት። ‹ለአንድ ሰው ይበቃል፤ አንቺ ሂጂ፣ እህትሽ ማወቅ የለባትም› አልኳት።» በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አየ። «‹ያለ እሷ አልሄድም። ስንት ዓመት ውሸታም ያደረግከኝ አንተ ነህ፤ ስትመጣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ› አለችና ለአየር መንገዱ ልትደውል ስልኩን አነሣች። ልቀማት ስል ገፋኋት። አልጋው... ልገድላት አልነበረም። በእናቴ ስም!»

«አልነበረም ይሆናል» አሉ መርፌ። «ስትወድቅ ግን ሰው አልጠራህም። ሻንጣ ነው የፈለግከው።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። መምህርቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እህቷ ይቅርታ ልትጠይቃት እየጠበቀቻት ነበር ማለት ነው። ክፉ ያሰበችባት እታለም የሞተችው ለእሷ የአውሮፕላን ወንበር ስትሟገት ነው። እሷም በተራዋ ያቺኑ የቀረች አንዲት ወንበር ወሰደች።

«ትኬቱን እሰርዘዋለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«አትንኪው፤ ማስረጃዬ ነው» አሉ መርፌ። ከዚያ ለስለስ ብለው «የተናገርሽው ከባድ ነው። ባትናገሪው ኖሮ አምልጦኝ ነበር» አሏትና ሻርፓቸውን አነሡ።

እናቲቱ ኩርምት ብለው እንደተቀመጡ ነበር። አሁን ቀና አሉ።

«ስልኳ ቁልፍ አልነበረውም?»

«ነበረው፣ እማዬ።»

«ታዲያ በምን ከፈትሽው?»

መርፌ ከበሩ ላይ ቆሙ። መምህርቷ መዳፏን ተመለከተች።

«በጣቷ» አለች። «ስለቀዘቀዘ እምቢ አለኝ። በመዳፌ... በመዳፌ አሸት አሸት አድርጌ አሞቅኩት።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቲቱ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩና እጃቸውን ዘረጉ። ሊያቅፏት መስሏት ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እሳቸው ግን አላቀፏትም። ቀኝ እጇን ብቻ ያዙ፤ መዳፏን ገልብጠው ጉንጫቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መምህርቷ እጇን መንጠቅ ፈለገች፤ አልቻለችም። እናቷ የፈለጉት እሷን ሳይሆን ያ መዳፍ የነካውን ጣት እንደሆነ ገብቷታል።