የማይታጠፉት ጣቶች

የታንኳ ሠሪው የአደም ሬሳ የተገኘው ጣና ዳር፣ ሠርቶ ባልጨረሰው ታንኳ አጠገብ ነበር። አንገቱ ዙሪያ የአናቂው ጣቶች ሰንበር አውጥተዋል፤ አንደኛው ሰንበር የሁለት ጣት ስፋት አለው። በሰፈሩ ሁለት ጣቶቹ ተጣብቀው የተወለደ ሰው ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም ኢድሪስ ብቻ ነው። ድሮም የማይወደው ሰፈር ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። መርማሪው መቶ አለቃ ቢያዝን ሲደርስ ኢድሪስ በገመድ ታስሯል።

ያን ማለዳ ወደ ታንኳው ሲወርዱ የታዩት ኢድሪስ፣ የሟቹ ሚስት ዘኪያ፣ እህቱ ሸሪፋና የቀበሌው ሊቀ መንበር አለበል ናቸው።

«ምኑ ይመረመራል? አብዮታዊ እርምጃ ነው የሚገባው!» አለ አለበል። «ያን የተረገመ እጅ እኔ ጨብጬው አላውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«ማርያምን!» ሲል አብዮተኛው ማለ።

ዘኪያም ዋርሳዋን ኢድሪስን በዓይኗ ማየት አልፈለገችም።

«ባልሽ ከማን ተጣልቶ ነበር?»

«ልጃችንን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ያልተጣላው ማን አለ? ከዚህም፣ ከሊቀ መንበሩም። የገደለው ግን ይኸው ነው፣ ሰንበሩን እዩት!»

ቢያዝን ኢድሪስን ሆስፒታል ወስዶ እጁን ራጅ አስነሣው።

«ቆዳው ብቻ ቢጣበቅ ይታጠፍ ነበር» አለ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ። «የዚህ ግን አጥንቱም አንድ ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም።»

ቢያዝን ተመልሶ ሁሉንም ታንኳው ዘንድ ሰበሰበ።

«ኢድሪስ መቅዘፊያ ሲይዝ እጁ እንዴት ነው? አሳዩኝ።»

ዘኪያ መቅዘፊያውን ስትጨብጥ ሁለት ጣቶቿን ቀጥ አድርጋ ተወቻቸው። ሸሪፋም እንደዚያው። አለበል ሁለቱን አጣብቆ ከሌሎቹ ጋር አጠፋቸው።

«እነዚህ በአንድ ትሪ አብረውት ስለበሉ እንደማይታጠፉ ያውቃሉ» አለ ቢያዝን። «ራጁም ያንኑ ይላል። የአናቂው ጣቶች ግን ሁሉም ታጥፈው አንገት ዞረዋል። ገዳዩ ሁለት ጣቶቹን በጨርቅ አስሮ ኢድሪስን መስሏል፤ እጁን ስለተጸየፈ ግን መታጠፍ አለመታጠፉን አላወቀም። ጓድ ሊቀ መንበር፣ የአደም ልጅ ለውትድርና ሲወሰድ የእርስዎ ልጅ የት ነው?»

አለበል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«ጎርጎራ ደብቆታል!» ብላ ጮኸች ሸሪፋ። «ወንድሜ አደም ዓሣ ሊሸጥ ሄዶ በዓይኑ አይቶታል!»

«ያለኝ አንድ ልጅ ነው!» አለ አለበል። «ሊያጋልጥብኝ ሲነሣ ምን ላድርግ?»

«የእኔስ ስንት ነው?» አለች ዘኪያ።

ቢያዝን ገመዱን ከኢድሪስ ፈትቶ አለበልን አሰረበት። ዘኪያ አልቅሳ ወደ ዋርሳዋ ቀረበች።

«ወንድሜ፣ ቤት እንግባ።»

«እንደማይታጠፉ ታውቂ ነበር» አላት ኢድሪስ። «እያወቅሽ ልታስገድይኝ ነበር።»

እሱም ትቷት ሄደ።