ኮምፒውተሬ ውስጥ ውሃ ያስገባው ልጅ

እናቴ ቤት ውስጥ ውሃና መብራት አይተያዩም። እጅን ሳያደርቁ ማብሪያ ማጥፊያ መንካት ከኃጢአት ይቆጠራል፤ ዝናብ ሲጥል ፍሪጁ ሳይቀር ይነቀላል። አልፈርድባትም። አባቴ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ቆጣሪ ሳያጠፋ የሚሠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ወንድ ነው!» የሚለው። አንድ ቀን እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የሰው ቤት ሶኬት ሲጠግን መብራት ያዘውና በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ብሎን የሚባለው ልጅ ኮምፒውተሬን ከፍቶ አየት አደረገና «ውሃ ብናስገባለትስ?» ሲለኝ ልቤ ቀጥ አለች።

ብሎን የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ሲሠራ ሁልጊዜ አንድ ብሎን በከንፈሩ ይይዛል። የተዋወቅነው ደረጃ ላይ ነው። የኮምፒውተሬን ከባድ ሳጥን ታቅፌ ወደ ጥገና ቤቱ ስወጣ እሱ ሲወርድ ተጋጨን። ይቅርታ በማለት ፈንታ ሳጥኑን በእጁ ዳሰሰና «ትኩሳት አለባት» አለኝ። ሳቅሁ። በዚያች ሳቅ ጉድ ሆንኩ።

እውነትም ትኩሳት ነበረባት። እኔ ካርቱን ነው የምሠራው። ኮምፒውተሩ ሥዕሎቼን ወደ ፊልም ሲቀይር ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከዚያ ድርግም። ክፍሌም ከቆርቆሮው ሥር ስለሆነች ማራገቢያው የሚስበው አየር ራሱ የጋለ ነው።

«መኪና በምን ይቀዘቅዛል?» አለኝ ብሎን።

«በራዲያተር።»

«ይሄም እንደዚያው ነው። ውሃው በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ይወስድና ራዲያተሩ ላይ አራግፎት ይመለሳል። ከቱቦው አይወጣም።»

«ቢወጣስ?»

ብሎኑን ከከንፈሩ አወጣ። «እሱንማ እኔም እፈራለሁ።»

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። የኔው ግን ገና ውሃው ሳይመጣ ግንባሩ ወርዝቷል። ወደድኩት፤ ሌላ ምን ልበል።

ውሃ የተሞላ ሳጥን ደረጃ ለደረጃ ይዘውት አይዞሩም፤ የሚገጠመው በሚቀመጥበት ቦታ ነው። እናቴ ልብስ ስፌት ቤት በምትውልበት ቅዳሜ ቤት ጠራሁት። ብታውቅ ሁለተኛ ደጃችንን እንደማይረግጥ አውቃለሁ። እሱን ማጣት ደግሞ ከምንም በላይ አስፈርቶኛል።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ገመዶች በሙሉ ነቅሎ አልጋዬ ላይ ጣላቸው። ከዚያ ቱቦዎቹን መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ማጥበቅ ጀመረ። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ በስልኬ አበራለታለሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሰው አለህ?» አልኩት።

እጁ ቆመ። «የምን ሰው?»

«የምትወዳት።»

«በቅርቡ ያገኘኋት ይመስለኛል» አለና ወደ ቀጣዩ መጋጠሚያ ተሻገረ።

ሲጨርስ፣ ውሃ ካፈሰ ወዲያው እንዲታይ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሶፍት ጠቀለለው። የተጣራ ውሃ ሞላና ፓምፑን ብቻ ከትንሽ ባትሪ ጋር አገናኘ። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ መዞር ጀመረ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሶፍቶቹን እናይ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። የስፌት ማሽኗ ተበላሽቶባት ቀድማ መምጣቷ ነው። የሚዞረውን ውሃ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ» አለችኝ። «ምንም ነገር እንዳትነኪ።»

ልነሳ እጄን ወለሉ ላይ አስደገፍኩ። በዚያው ቅጽበት ታችኛው ሶፍት መርጠቡን አየሁ። አንድ ጠብታ ወደ ሳጥኑ ውስጥ ወረደች። ብሎንም አይቷል። እጁን ቢያደርግበት እናቴ አታይም ነበር። በልቤ «ሸፍነው፣ ሸፍነው» እለዋለሁ።

«እማማ፣ ፈሷል» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አንዱን መጋጠሚያ ሳላጠብቅ አልፌዋለሁ።»

እናቴ ሳጥኑን አየች፤ ከዚያ እኛን አየች። «ታዲያ እንዴት አልሞታችሁም?»

«መብራት የለውማ። ገመዶቹ ያው አልጋው ላይ ናቸው፤ ፓምፑም በባትሪ ነው የሚሠራው። ሶፍቱ ደረቅ እንደሆነ ካላደረ ሶኬት አላስነካውም።»

«ለምን?»

«እፈራለሁ እማማ።»

እናቴ ቦርሳዋን እንደያዘች እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። አሁን ትፈነዳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ለመሆኑ እንዴት ብለህ ነው ሳታጠብቅ ያለፍከው?» አለች።

ብሎን አንገቱን ደፋ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ አይጠፋትም። ሁለታችንንም ቆይታ አየችን።

«ባሌን ሰው ሁሉ ወንድ ነው ይለው ነበር» አለች። «እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ‹ፍራ› ብዬው አላውቅም።»

ፓምፑ ብቻ ያጉረመርማል።

«በል አጥብቀው፣ ልጄ» አለችው በመጨረሻ። «ከዚያ ሦስታችንም እናየዋለን።»

ብሎን ፓምፑን አጥፍቶ መጋጠሚያውን ሲያጠብቅ፣ እናቴ እጅጌዬን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ስለ ጋብቻ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም።

«ይሄን ልጅ ስታገቢው» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «አደራሽን፣ እንዳታደፋፍሪብኝ።»