ጥሬ ዳቦ

«ጥሬ ዳቦ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ ባለብስክሌቱ። ከዚያ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ ቆመና ሳቁን ለቀቀው። ዳቦ ቤቱ ፊት የተሰለፉት ሰዎች ቀና ብለው አዩ። መጀመሪያ አንዷ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ በመጨረሻ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ሚጢጢ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንደተሸከመች ከመንገዱ ማዶ ደርቃ ቀረች። ታፔላውን የሠራችው እሷ ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲሰቀል እንኳ ከሩቅ ቆማ፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚያምር ስታደንቅ ነበር። መጻፍ የነበረባት «ጥሩ ዳቦ» ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ጥላ ስትሠራለት፣ ጠርዙን ስታስተካክልለት ሦስት ቀን ለፍታለች። በሦስቱ ቀን ውስጥ ግን አንድም ጊዜ እንደ ቃል አላነበበቻቸውም።

«ሚጢጢ» ያላት ታፔላ ጸሐፊው አጎቷ ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት በቁመት እናቷን ብትበልጥም ስሙ አልለቀቃትም። ብሩሽ አያያዝ ያስተማራትም እሱ ነው። ሥራውን የጀመረችው ግን ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ነው። ጓደኛዋን ሁሉም «አፈ ቅቤ» ይላታል፤ ከደንበኛ ጋር መነጋገር የእሷ ድርሻ ነው። ሚጢጢ ደንበኛ ፊት ስትቆም ምላሷ ስለሚተሳሰር በዚህ አከፋፈል ደስተኛ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠሩት የክፍል ማስታወቂያና የበር ቁጥር ብቻ ነበር። መንገድ ላይ የተሰቀለ የመጀመሪያ ሥራቸው የዳቦ ቤቱ ታፔላ ነው።

ክፍል ስትደርስ የታፔላው ፎቶ በስልክ ቀድሟት ደርሷል። አንዱ ልጅ ዱቄት ይዘን እንምጣ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሌላው፣ በምሳ ሰዓት ዳቦውን ቆርሶ ውስጡን እያገላበጠ፣ መብሰሉን እንድታረጋግጥለት ለመናት። ሚጢጢ አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ጉንጮቿ አልታዘዝ አሏት። ታፔላ ሊያሠራ ቀጠሮ ሰጥቷቸው የነበረ ልብስ ሰፊም በማግስቱ «ትንሽ ላስብበት» የሚል መልእክት ላከ።

በዚያው በማግስቱ፣ ዓርብ፣ አፈ ቅቤ በእረፍት ሰዓት እየሮጠች መጣችና ነገሩን እንደጨረሰችው ነገረቻት። ትናንት ዳቦ ቤቱ ሄዳ የቤቱን ባለቤት፣ ጋጋሪዋን፣ አነጋግራለች። ስህተቱ የመጣው እርስዎ ቃሉን ጽፈው ከሰጡን ወረቀት ነው፣ እኛ የተጻፈልንን ነው የገለበጥነው ብላቸዋለች።

«አመኑሽ?» አለች ሚጢጢ።

«ማመን ብቻ? ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። አንቺ ልጅ፣ ተገላገልን እኮ።»

ሚጢጢ መጀመሪያ ላይ በረጅሙ ተነፈሰች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን በዳቦ ቤቱ በኩል ስታልፍ ታፔላው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን በገመድ ታስሮ አየችው። እንደወትሮው በር ላይ ቆመው ሰውን ሰላም የሚሉት ጋጋሪዋም አልነበሩም።

ቤት ገብታ ወረቀቱን ከደብተሯ ውስጥ አወጣችው። መስመሩ በማስመሪያ ተሰምሯል። ፊደሎቹ አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ ብለው፣ ተጠንቅቀው ቆመዋል። «ሩ» ቁልጭ ብሎ «ሩ» ነው፤ ለስህተት ቀዳዳ የለውም። ወረቀቱን የተቀበሉበት ቀን ትዝ አላት። ጋጋሪዋ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው ሲሰጧቸው፣ በዚህ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት እንደጀመሩ፣ ይህን ደግሞ ማንም ሳይረዳቸው እንደጻፉት በኩራት ነግረዋቸው ነበር።

ሚጢጢ ወረቀቱን አጥፋ አጎቷ ዘንድ ሄደች።

አጎቷ ከቤቱ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብሩሽ በተነር እያጠበ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ሥራውን እንደምትተወው፣ ለዚህ ዓይነት ነገር እንዳልተፈጠረች ነግራው፣ ታፔላውን ግን እሱ ሄዶ እንዲያስተካክልላት ለመነችው።

አጎቷ ብሩሾቹን በጨርቅ አድርቆ ከደረደረ በኋላ፣ ለብቻው መሥራት በጀመረበት ዓመት የደረሰበትን አወራላት። ለአንድ ክሊኒክ የአቅጣጫ ምልክት ሲሠራ ቀስቱን በተቃራኒው ያዞረዋል። በሽተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ጋራዥ ይገባል። መካኒኮቹ ሲቸግራቸው ራሳቸው ቀለም ገዝተው አስተካከሉት።

«አንተስ?» አለች ሚጢጢ፣ ሳታስበው ፈገግ ብላ።

«እኔማ ጠፋሁ። የሳቁብኝ ሰዎች በሳምንቱ ረስተውታል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያን መንገድ ዞሬ ነበር የምሄደው። እዚያ መንገድ ላይ ስንት ሱቅ ተከፈተ መሰለሽ! የሁሉንም ታፔላ ሌላ ሰው ጻፈው።» ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ መሰላሉን አወረደ። «ይሄን አውስሻለሁ። እጄን ግን አላውስሽም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚጢጢ መሰላሉን ተሸክማ ስትደርስ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደርሶ ነበር። ቀለሙንና ብሩሹን በር ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ጋጋሪዋ ከምድጃው ፊት ዱቄት የነካ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። እንደፈራችው ምላሷ ተሳሰረ። ደጋግማ ያጠናችው ንግግር ጠፋባትና ወረቀቱን ብቻ ዘረጋችላቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ በትክክል ነው የጻፉት» አለች በመጨረሻ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ የነገረችዎት እውነት አይደለም።»

ጋጋሪዋ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሩ። ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገሩ በቀስታ አነበቡ። «ሩ» ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት።

«ሁለት ቀን ትምህርት ቀረሁ» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ አንድ ቃል እንኳ በቅጡ መጻፍ ካቃተኝ ምን ያለፋኛል ብዬ።»

ሚጢጢ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ጋጋሪዋ ወረቀቱን አልመለሱላትም፤ አጥፈው የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ተቆጥቻለሁ» አሉ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። አሁን ውጪና ሥራሽን ሥሪ።»

ላስቲኩን ስትገልጠው ከሰልፉ መሃል የታወቀው ሳቅ ተነሣ። አንድ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጽፊልን ነው አላት። ሚጢጢ መሰላሉ ላይ እንዳለች «ሩ» አለች። ሰዎቹ አሁን የሳቁት በሰውዬው ይሁን ወይስ በእሷ፣ አልለየችውም፤ ዞር ብላም አላየችም። ፊደሉን በተነር አለሰለሰች፣ ፋቀች፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸች፣ ነጩን ቀባች። ነጩ እስኪደርቅ ግን መጠበቅ ነበረባት። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ መሃሉ የጎደለ ታፔላ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያያት ተቀመጠች። ወደ ቤት ሄዶ መመለስ ይቻል ነበር። አልሄደችም።

አፈ ቅቤ ወሬውን ሰምታ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ፊቷ ቀልቷል።

«ውሸታም አደረግሽኝ አይደል?»

«እኔን ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች ሚጢጢ። «ከእንግዲህ ግን የእኔ ስህተት ከሆነ፣ ‹እሷን ጠይቋት› በያቸው።»

አፈ ቅቤ እያመነታች ወደ ዳቦ ቤቱ ገባች። ሚጢጢ በመስታወቱ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስታወራ አየቻት። ምን እንዳለች አልሰማችም። ስትወጣም መጥታ መሰላሉን ያዘችላት።

«ሩ»ን በቀይ ጽፋ ስትጨርስ ሚጢጢ ወረደች፤ ጣቷን ወደ ላይ እየቀሰረች ቃሉን ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጋጋሪዋም ወጥተው አነበቡት። ሁለቱንም አንድ አንድ ትኩስ ዳቦ አስይዘው ሰልፉን ለማስተናገድ ተመለሱ። በራፉ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው፣ ሰኞ ትምህርት እንዳላቸው ነገሯት።

አፈ ቅቤ እናቷ ስለጠራቻት ቀድማ ሄደች። ሚጢጢ መሰላሉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ብቻዋን ስትመለስ መታጠፊያው ላይ አንዲት የቁልፍ መቅረጫ ሱቅ አየች። በሩ አዲስ ተቀብቷል። ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ ግን ባዶ ነው። አለፈችው። አሥር እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቆመች። ከዚያ ተመለሰች።

ቁልፍ ሠሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ አያት። ታፔላ እንደምትጽፍ ነገረችው።

«እስካሁን የት ሠርተሻል?» አላት።

የክፍል ማስታወቂያዎቹ ምላሷ ጫፍ ላይ መጡ። «ከታች ያለውን የዳቦ ቤት ታፔላ» አለች።

ሰውዬው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። «ጥሬውን?»

«አዎ፣ እሱን። ዛሬ አስተካክዬዋለሁ።» መሰላሉን ከግድግዳው ጋር አስደገፈችው። «ሄደው ይዩት። ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።